ከካርታዬ የዘለልኩት ጠላ ቤት

ከተማ የሚጎበኝ ሰው ሁሉ የየራሱ ዓይን አለው። አንዱ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያያል፣ አንዱ ገበያ ይዞራል፣ አንዱ ደግሞ ሆቴሉ መስኮት ላይ ይቆምና «በቃ አየሁት» ብሎ ይመለሳል። በረከት የሚባለው ጓደኛዬ ግን አንድን ከተማ አየሁ የሚለው እዚያ የተጠመቀውን ሲጠጣ ብቻ ነው። ሐዋሳ ሄዶ ሐይቁን ያየው በብርጭቆ ውስጥ አሻግሮ ነው። ባሕር ዳር ሦስት ቀን ከርሞ ሲመለስ ስለ ዓባይ ብንጠይቀው «በየት በኩል ነው?» አለን። አዲስ አበባ ውስጥ እዚያው ጠምቀው እዚያው የሚቀዱ ትንንሽ ቢራ ቤቶች ከተከፈቱ ወዲህማ ደብተር ይዞ መዞር ጀመረ። ቀለሙን ይጽፋል፣ አረፋውን ይጽፋል፣ ምሬቱን ይጽፋል፣ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የእሱን ያህል ተጠንቅቄ ፈተና አርሜ አላውቅም።

በቀደም ደወለልኝ። «ለሥራ ሲሪንቃ እመጣለሁ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነጻ ነኝ። ከወልድያ እስከ መርሳ ያሉትን ጠላ ቤቶች የምንዞርበት እቅድ አውጣልኝ» አለኝ።

«ጠላ ቤት?»

«ታዲያስ! እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጠማቂ አለው፣ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አዲስ አበባ ይሄን በስንት ሽር ጉድ እንደ አዲስ ነገር ያመጡልናል፣ እናንተ ጋ በየጓሮው አለ። አንተ ደግሞ የአገሩ ልጅ ነህ፤ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እንዲህ ሲባል «ኧረ እኔ አላውቅም» የሚል ሰው ብርቱ ሰው ነው። እኔ ግን ብርቱ አይደለሁም። «ይሄማ ለኔ ተወው!» አልኩት፤ ድምፄም ከወትሮው ወፍራም ሆኖ ወጣ።

እዚህ ላይ ለእናንተ ሁለት ነገር ልናዘዝ። አንደኛው፣ ወልድያ ጂኦግራፊ ሳስተምር አሥር ዓመት ሲሆነኝ ጠላ ቤት የገባሁባቸው ቀናት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ምክንያት ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ጠላ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ዘነቡ መርሳ ውስጥ ጠላ ትጠምቃለች። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ከበሩ ላይ የወጣበት ቤት የእሷ ነው። አባቴን አላውቀውም። ያበላኝ፣ ያለበሰኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ ያ ጣሳ ነው።

ታዲያ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስገባ አፍንጫቸውን ይዘው «አተላ መጣ» የሚሉኝ ልጆች ነበሩ። እነሱ ረስተውታል፤ አንዱ እንዲያውም ዛሬ በመንገድ ሲያገኘኝ አቅፎ ነው የሚስመኝ። እኔ ግን አልረሳሁም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት በረከት አልጋው ላይ ጋደም ብሎ «እናትህ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ «የእህል ነጋዴ ናት» አለ። ውሸት ደግሞ እንደ ጥንስስ ነው፤ ከድነህ ብትተወውም ውስጥ ውስጡን ይሠራል። በሁለተኛው ዓመት እናቴ የጅምላ ነጋዴ ሆነች። በሦስተኛው ዓመት ሁለት አይሱዙ ነበራት። ምረቃ ላይ ለምን እንዳልመጣች ሲጠይቁኝ አንደኛው አይሱዙ አፋር መንገድ ላይ ተበላሽቷል አልኩ። እውነቱን ለመናገር እናቴ ያልመጣችው ስላልጠራኋት ነው።

እንግዲህ እቅድ ላወጣ ቁጭ አልኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ እቅድ ሲያወጣ ካርታ ይሥላል። እኔም ሣልኩ፤ ዋናው መንገድ በጥቁር፣ ጠላ ቤቶቹ በቀይ ነጥብ፣ ከታች መስፈሪያ፣ በጎን የሰሜን ቀስት። ወልድያ ላይ ሁለት ነጥብ፣ ሲሪንቃ ላይ አንድ፣ መርሳ ላይ ሁለት። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ባዶ እንዳይመስልም አንዲት ዛፍ ሣልኩበት።

መኪና ሰይድን ለመንኩት። ሰይድ ከወልድያ መርሳ በሚመላለስ ሚኒባስ ይሠራል፤ የመርሳ ልጅ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው። ጠላ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሙስሊም ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያ መንገድ ላይ የትኛው ቤት የትኛውን ቀን እንደሚጠምቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አላየሁም፤ ጠጪዎቹን ወደየቤታቸው የሚመልሰው እሱ ነውና። ካርታዬን ወስዶ አገላብጦ አየው።

«የእማማ ዘነቡ የታል?» አለኝ።

«አላስገባሁትም።»

«ዛፏስ ምንድን ናት? እዚያ ዛፍ የለም።»

ነገሩን አስረዳሁት። ሰይድ ካርታውን አጥፎ መለሰልኝ። «ስማ፣ እኔ የእናትህን ቀሪቦ ጠጥቼ ነው ያደግሁ። የኛ ሰው በሰርጉ፣ በዒዱ የሚያሰክር ነገር ስለማይቀምስ ለብቻው ጋን ይዛ ቀሪቦ የምትጠምቅልን እሷ ናት። ለኔም ሰርግ የጠመቀች እሷ። አሁን በሯን ዘልዬ ልሂድ?»

«ብቻ አትናገር።»

«ወላሂ አልዋሽልህም። ዝም ግን እላለሁ።»

ዝም የሚል ሰው እንዲህ የሚረብሽ መሆኑን ያወቅኩት ቅዳሜ ዕለት ነው። ሰይድ አፉን ዘግቶ ያስል ነበር። «እናት» የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር «እህህም!» ይላል። «መርሳ» ሲባል «እህህም!»። በረከት አዘነለትና ከቦርሳው የጉሮሮ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠው።

የመጀመሪያው ነጥብ ወልድያ ውስጥ ዳገት ላይ ያለ ቤት ነበር። ስንደርስ ከበሩ ፊት ድንኳን ተተክሏል። በረከት «ይሄንን ያህል ደንበኛ አላቸው?» ብሎ ተደስቶ ቀድሞን ገባ። የገባው ለቅሶ ቤት ነው። የባለጠላዋ አጎት አርፈዋል። ገብቶ መውጣት ነውር ስለሆነ ተቀመጥን። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ በረከት አንገታቸውን አስግገው «ሟቹን በምን ታውቋቸው ነበር?» አሉት። በረከት ጨንቆት ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «በ... በስም» አለ በመጨረሻ። ሽማግሌው «አዎ፣ ስማቸው ከፍ ያለ ነበር» ብለው ዕንባቸውን ጠረጉ፤ በረከትም ሆደ ቡቡ ነውና አብሮ አለቀሰ። ንፍሮ በልተን፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣን።

ሁለተኛው ነጥብ ስንደርስ ደግሞ ጠላ ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። «እዚህ ጠላ ቤት ነበር እኮ» አልኩት ባለሱቁን።

«መቼ?»

መቼ እንደሆነ ሳስበው አስተማሪ ሆኜ በመጣሁበት ዓመት ነው። ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ስገባ ቤቱ ፀጉር ቤት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ መድኃኒት ቤት ነበር ይላሉ» አለኝ። ካርታዬ የታሪክ መጽሐፍ ሆኖ አረፈው። በረከት ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ከአሥር ስንት እንደሰጠኝ አልጠየቅሁትም።

ወደ ሲሪንቃ ወረድን። አስፋልቱ ዳር ያለችው ባለጠላ ወፍራም፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ናት። ቤቷ አለ፣ ክፍት ነው፣ ጣሳውም እንጨቱ ላይ ነው። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

«ቅጂልን እትዬ» አልኳት።

«አልደረሰም።»

«ምኑ?»

«ጠላው ነዋ! ትናንት ነው የጠነሰስኩ። ገና ጌሾና ብቅሉ እየተዋወቁ ነው። ከነገ ወዲያ ኑ።»

«እኛ ዛሬ ነው ፕሮግራማችን» አላት በረከት በትሕትና።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ለጠላው ማን ይነግረዋል? እኔም ብጠብቀው ነው እንጂ ላጣድፈው አልችል። ግን ከአዲሳባ መጥታችሁ እንዲሁ አትመለሱም፤ መርሳ ውረዱ። መርሳ ከመናኸሪያው ጀርባ እማማ ዘነቡ የሚባሉ አሉ። ጥንስስ የተማርኩ ከሳቸው ነው። እሳቸው ዘንድ ጠላ ጠፍቶ አያውቅም።»

ሰይድ ሳለ። በረከት «ከመናኸሪያው... ጀርባ... ዘነቡ» እያለ ደብተሩ ላይ ጻፈና ካርታዬን ተቀብሎ አየ። «አንተ፣ እዚህ ጋ ዛፍ ነው ያደረግከው እኮ።»

«ዛፍም አለ» አልኩ።

«እህህም!» አለ ሰይድ።

ከሲሪንቃ መርሳ ሩቅ አይደለም። ለእኔ ግን ያን ቀን መንገዱ ያጠረውን ያህል አጥሮ አያውቅም። እያንዳንዱ መታጠፊያ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። መርሳ ያሉት ሁለት ነጥቦቼ ያድኑኛል ብዬ ነበር። አንደኛው ተዘግቷል፤ ባለቤቷ ልጇን ልትጠይቅ ደሴ ሄዳለች። ሁለተኛው አለ፣ ግን የጠርሙስ ቢራ ብቻ ነው የሚሸጠው። አስተናጋጁ «ጠላ ከፈለጋችሁ እማማ ዘነቡ ቤት ነው» ብሎ በጣቱ አሳየን። በጣቱ ያሳየው ቤት ከቆምንበት ይታያል።

ሰይድ ዙሑር ሊሰግድ መስጊድ ሄደ። በረከት መንገድ ዳር ማንጎ አይቶ ሊገዛ ተሻገረ። እኔ ሚኒባሱ ጀርባ ሄጄ፣ በሕይወቴ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የማፍርበትን አደረግሁ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«አቤት የኔ ዓለም!» አለች። «ምነው? ዛሬ የማን በዓል ነው?»

በበዓል ብቻ ነዋ የምደውል! ከሷ ቤት እኔ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ካየኋት ግን ያኔ ስምንት ወር ሊሞላኝ ነበር። አፌ እየተሳሰረ ነገርኳት፤ ጓደኛዬ እንዳለ፣ የእህል ነጋዴ ናት ማለቴን፣ አሁን ሌላ ቦታ ጠፍቶ ወደ እሷ ልንመጣ መሆኑን። «እና እማ... እንደማታውቂኝ ብትሆኚልኝ። ለአንድ ሰዓት ብቻ።»

ከወዲያ በኩል አንድ ሰው «ዘነቡ፣ ድገሚኝ» ሲል ይሰማኛል።

«እሺ» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ደንበኛ ነህ ወይስ መንገደኛ?» አለችኝ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ደንበኛን አንተ ነው የምለው። መንገደኛን አንቱ እላለሁ።»

«መንገደኛ» አልኩ።

«እሺ ጌታዬ» አለችና ዘጋችው። ተጀምሮ ነበር።

ከበረከት ጋር ገባን። ያ ቤት ያው ነው፤ ዙሪያውን የጭቃ መደብ፣ በጓዳው በር የሚታዩ ጋኖች፣ የታጠነ የወይራ ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ የጌሾ ሽታ። እኔ እሱን ሽታ ከልብሴ ለማስለቀቅ ስንት ሳሙና ጨርሻለሁ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከጓዳ ወጣች። ከስታለች። ፀጉሯ ላይ ያለው ሽበት ባለፈው ይሄን ያህል አልነበረም።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለች። በረከትን ጨበጠችው። ወደ እኔ ዞረችና አጎንብሳ፣ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «እንኳን ደህና መጡ ጌታው።» ከዚያ መደቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩበትን፣ እንቅልፍ ሲወስደኝ የምተኛበትን መደብ «እዚህ አረፍ ይበሉ፣ ይሄኛው ይመችዎታል» ብላ አሳየችኝ። እውነትም የሚመቸኝ እሱ ነው።

ጠላው መጣ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ሰጠችን። በረከት አንድ ተጎነጨና ዓይኑን ጨፈነ። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ዓይኑን ሲጨፍን አይቼው አላውቅም። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ።

«እማማ፣ ይሄንን ማን አስተማረዎት?»

«ችግር» አለች እናቴ እየሳቀች። «ልጅ ነበረኝ የማሳድገው።»

«አሁን የት ነው?»

«ወልድያ ነው። አስተማሪ ነው።» ወደ እኔ አላየችም፤ አንድም ጊዜ አላየችም። «ቢያዩት እንዴት ያለ ልጅ መሰለዎት! ልጅ ሆኖ ጋን ሥር ቁጭ ብሎ በከሰል ካርታ ይሥል ነበር።»

«ይጠይቅዎታል?»

«እንዴታ! ሥራ ይበዛበታል እንጂ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ልብሱን ተሸክሞ ነው የሚመጣ።»

ባለፈው ስመጣ ያመጣሁላት ትምህርት ቤት በነፃ ያደሉንን የግድግዳ ካሌንደር ነው። ያው ከፊቴ ተሰቅሏል፤ ወሩ እንኳ አልተገለበጠም። ጠላው ትን አለኝ። አሁን የምስለው እኔ ሆንኩ።

መደቡ ላይ ሦስት አራት ደንበኞች አሉ። ሁሉም ያውቁኛል፤ ሁሉም ግን አስቀድማ ስለነገረቻቸው ጣሳቸውን ብቻ ነው የሚያዩት። ከአባ ተሰማ በቀር። አባ ተሰማ ጆሯቸው ደክሟል፤ እናቴ የነገረቻቸውን በግማሹ ነው የሰሙት። ከጥግ ሆነው ሲያዩኝ ሲያዩኝ ቆዩና፣ ደንቆሮ ሰው ሹክ አልኩ በሚልበት ድምፅ፣ «ዘነቡ! ይኼ ልጅሽ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ደንበኞቹ ጣሳቸው ላይ ይበልጥ አቀረቀሩ።

«አይደለም አባ ተሰማ» አለች እናቴ። «መንገደኛ ናቸው።»

«ኧረ ልጅሽ ነው!»

«ዓይንዎ ደክሞ ነው። የኔ ልጅ ከሲታ ነው። የሳቸውን ደረት አያዩም?» ብላ ጣሳዬን ለመሙላት ጎንበስ አለች። ዓይኗ ግን አባ ተሰማ ላይ ነበር። ጠላው ከጣሳው አልፎ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። «ውይ፣ ይቅርታ ጌታው፣ ይቅርታ» ብላ በነጠላዋ ልትጠርግልኝ ጉልበቴ ሥር ተንበረከከች።

ሰው ልቡ የሚሰበርበትን ቦታ አስቀድሞ አያውቅም። የኔ ጉልበቴ ላይ ነበር። እጇን ያዝኩት። «እማ፣ ተይው» አልኩ። «እማ፣ ተነሺ።» ከዚያ ወደ በረከት ዞሬ «እናቴ ናት» አልኩት። ሌላም ልል አስቤ ነበር፤ ግን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስደርበው የኖርኩትን ለማፍረስ እነዚህ ሁለት ቃላት በቁ።

«አላልኩም!» አሉ አባ ተሰማ።

በረከት ደብተሩን ዘጋ። «ሁለቱ አይሱዙስ?» አለ።

«የምን አይሱዙ?» አለች እናቴ ከተንበረከከችበት።

«የእርስዎ ሁለት አይሱዙ፣ እማማ። እህል የሚጭኑት።»

እናቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ እሱን አየች። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ዕንባዋ እስኪፈስ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ እስክትይዝ ሳቀች። «ሁለት! አንተ ልጅ፣ ሁለት መኪና ሰጠኸኝ? ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጌሾ በጀርባዬ ምን ያሸክመኛል?» ደንበኞቹም አልቻሉም፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልክ በዚያ ሰዓት ሰይድ ከመስጊድ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፤ ሁላችንንም አየና «አልሐምዱሊላህ፣ ጉሮሮዬ ተሻለው» አለ።

በረከት ግን አልሳቀም። ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። ሚኒባሱን ተደግፎ ቆሟል።

«አባቴ ዘበኛ መሆኑን የነገርኩህን ታስታውሳለህ?» አለኝ። «ከዶርሙ ልጆች ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ። አንድ ሳምንት ሙሉ ልንገረው አልንገረው ብዬ ነው።»

አስታወስኩ። ሙሉ በሙሉ ረስቼው ነበር፤ እሱ ሲያነሳው ግን አልጋው ላይ የተቀመጠበት አቀማመጥ ሁሉ ታወሰኝ።

«ምን እንዳልከኝ ታውቃለህ? ትከሻዬን ይዘህ፣ ‹አይዞህ፣ ወላጁን የሚመርጥ የለም› አልከኝ። ሁለት አይሱዙ ላይ ቁጭ ብለህ ነው አይዞህ ያልከኝ! ያን ዕለት እኮ ‹የኔም እናት ጠላ ትሸጣለች› ብትለኝ...» አልጨረሰውም።

«ይቅርታ» አልኩት።

«እሺ አልልህም» አለኝ። «ዛሬ አልልህም። ተናድጃለሁ። ጠላዬ ደግሞ እየሞቀ ነው።» ብሎ ተመልሶ ገባ። ከእኔ ጎን አልተቀመጠም። ጓዳው በር ላይ፣ እናቴ እግር ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እዚያ ዋልን። እናቴ ስለ አሻሮ፣ ስለ ብቅል፣ ድፍድፉ መቼ እንደሚቀጥን አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ስለ አባቱም ነገራት። ዘበኝነቱን፣ ክረምት ክረምት እግሩን እንዴት እንደሚያመው። እሷ «ጌሾ ቅጠል ቀቅሎ እግሩን ይዘፍዝፍበት» አለችው፤ እሱንም ጻፈ። ሰይድ በፊቱ አንድ ማሰሮ ቀሪቦ ተቀምጦለት ከአባ ተሰማ ጋር ስለ ድሮ መርሳ ይከራከራል፤ አንዱ አይሰማም፣ ሌላው አይሰክርም፤ ክርክሩ አያልቅም። እኔን ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እዚያ ቤት ውስጥ፣ ማንም ባያናግረኝ ቅር አላለኝም። ጣሳ ሲጎድል እየተነሳሁ ቀዳሁ። ሁለቴ አፈሰስኩ። አንድ ደንበኛ «መምህር፣ ሞልተህ አትቅዳ፣ ትደፋለህ» ብሎ አረመኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰይድ በረከትን ወደ ሲሪንቃ ይዞት ሊመለስ ተነሳ። በረከት የእናቴን ጉልበት ሳመ፤ እሷ ትከሻውን ሳመችው። እኔን ሲሰናበተኝ እጁን ብቻ ዘረጋ። እንኳን ዘረጋልኝ። «አንተስ?» አለኝ ሰይድ ሞተሩን አስነስቶ።

«አድራለሁ» አልኩት።

ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጓሮ ሄደን ጣሳ ማጠብ ጀመርን፤ እሷ ታጥባለች፣ እኔ አለቀልቃለሁ። ጥቂት ጣሳ ሲቀር ጠየቅኋት።

«እማ፣ ስደውልልሽ ለምን አልተቆጣሽኝም? እናቴ አይደለሽም ብዬሽ እኮ ነው። እንዴት እሺ ትይኛለሽ?»

አንዱን ጣሳ አገላብጣ አየችው፤ ንጹሕ ነው። ቢሆንም እንደገና ውኃ ውስጥ ነከረችው።

«እምቢ ብልህ ትመጣ ነበር?» አለችኝ።